ጥቅልል ፀጉርን አሳጥሮ መቆረጥ፦ ቅርጹን ከመምረጥ እስከ ዕለታዊ አያያዙ

ፀጉርሽን ለማሳጠር ሳሎን ስትገቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ይታጠባል፣ በፎን ይነፋል፣ ብዙ ጊዜም በፔስትራ ይተኮሳል፤ መቀሱ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከወንበሩ ስትነሺ ጠርዙ እኩል የሆነ ያማረ ቁርጥ መስታወት ውስጥ ታያለሽ። መጀመሪያ ስትታጠቢ ግን አንዱ ጎን ጆሮሽ ላይ ይቀራል፣ ሌላው አገጭሽ ይደርሳል፣ የኋላው ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ አናትሽ ተኝቶ ከታች የሰፋ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ፀጉርሽ ችግር ኖሮበት አይደለም፤ የተቆረጠው በማይኖርበት መልኩ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ የጥቅልል ፀጉር ቁርጥ የሚመረጠውም የሚቆረጠውም ፀጉሩ ደርቆ፣ በራሱ ተፈጥሮ እንደተቀመጠ ነው። መመሪያውን የጻፍኩት ከላላው ከርሊ እስከ ከርዳዳው ድረስ ላላቸው ሴቶች ነው። ወንዶችም ስለ ቶንዶስና ስለ ማጅራት የተጻፈውን ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል።

ደረጃ 1፦ ፀጉርሽን እንዳለ እዪው

ከመቆረጥሽ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ፀጉርሽን በሻምፖና በኮንዲሽነር ታጠቢ። ምንም ቅባት፣ ክሬም ወይም ጄል አትቀቢ። ሳታበጥሪው ራሱ ይድረቅ። ከዚያ የቀን ብርሃን ባለበት፣ ከኋላሽም ሌላ መስታወት ይዘሽ ተመልከቺው።

የጥቅሉን ዓይነት ለመለየት ብዙ ሰው የሚጠቀመው አሜሪካዊው ፀጉር ሠሪ አንድሬ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀውን፣ በኋላም ሌሎች ያሰፉትን አመዳደብ ነው። 1 ሉጫ ነው፣ 2 ሞገድ ያለው፣ 3 የተጠቀለለ፣ 4 ከርዳዳ። በየቁጥሩ ሥር ደግሞ ኤ፣ ቢ እና ሲ አሉ፦ 3ኤ ሰፊና ላላ ያለ ጥቅል፣ 3ሲ እርሳስ የሚያክል ጠባብ ጥቅል፣ 4ሲ ደግሞ ጥቅሉ በዓይን እስከማይለይ ድረስ የጠበቀ ነው። ቁጥሩን ብዙ አትጨነቂበት። በእኛ አገር ሴቶች ራስ ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ግንባር ላይ ላላ ብሎ አናት ላይ የሚጠብቅ፣ ወይም ማጅራት ላይ ብቻ ለየት የሚል ፀጉር ብዙ ነው። ለቁርጥ የሚያስፈልግሽ የትኛው ዓይነት የት እንዳለ ማወቅ ነው።

ከዓይነቱ ይልቅ የሚጠቅመው ልኬቱ ነው። ከግንባር፣ ከአናት፣ ከጆሮ በላይ እና ከማጅራት አንዳንድ ጥቅል ያዢ። ሳትስቢው በማስመሪያ ለኪው፣ ከዚያ ቀጥ እስኪል ስበሽ እንደገና ለኪው። ሲሳብ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሲለቀቅ 8 ከሆነ፣ ከግማሽ በላይ ርዝመቱ ሲደርቅ ይሰበሰባል ማለት ነው። በጣም የጠበቀ ፀጉር እስከ ሰባ በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል። የአራቱን ቦታ ቁጥር ስልክሽ ላይ ጻፊው። ማጅራትሽ ከአናትሽ የበለጠ የሚሰበሰብ ከሆነ ፀጉር ሠሪዋ ይህን ካላወቀች የኋላው ከታሰበው በላይ አጥሮ ይቀራል።

ሌላው ብዛቱ ነው። ደርቆ ሳለ ሳትከፍዪው የራስ ቆዳሽ ይታያል? ከታየ ፀጉርሽ ሳሳ ያለ ነው፤ ብዙ ደረጃ (ሌየር) ያለው፣ ማለትም ጥቅሎቹ በተለያየ ርዝመት የሚቆረጡበት ቁርጥ ይበልጥ ያሳሳዋል። በመጨረሻ ውሃ ርጪበት። ጠብታው ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚቆይና ለመድረቅ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ፀጉር ውሃ ቶሎ አያስገባም፤ ከባድ ቅባት ያጨማልቀዋል። ወዲያው ጠጥቶ ወዲያው የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ክሬምና ዘይት ይፈልጋል። ፀጉርን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥሎ ይሰምጣል ወይ ይንሳፈፋል የሚባለውን ፈተና ተይው። ፀጉሩ ላይ የቀረ ትንሽ ቅባት ብቻ ውጤቱን ይለውጠዋል።

ደረጃ 2፦ የተጎዳውን ከጤነኛው ለዪ

ሪላክሰር ተቀብተሽ ወይም ለዓመታት ስትተኮሺ ከቆየሽ፣ ፀጉርሽ ሲርስ ሥሩ ይጠቀለላል፣ ጫፉ ግን ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ያ ቀጥ ያለ ክፍል በየትኛውም ቅባት ወይም ቅቤ አይመለስም። ሪላክሰር የፀጉርን ውስጣዊ ማያያዣ የሚሰብር ጠንካራ ኬሚካል ነው፤ ብዙ ሙቀትም ጥቅሉን ለዘለቄታው ሊያጠፋው ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ደካማ ስለሆነ የሚበጠሰውም እዚያ ላይ ነው።

የተጎዳውን በአንድ ጊዜ ቆርጠሽ መጣል ትችያለሽ፤ ወይም በየሁለት ወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቆረጥሽ አዲሱ እስኪያድግ መጠበቅ ትችያለሽ። ፀጉር በአማካይ በወር ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ስድስት ወር ከጠበቅሽ ሲሳብ ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ጤነኛ ፀጉር አለሽ፤ ለአጭር ጎፈሬ ይበቃል። አጭር ቁርጥ ለመቆረጥ አስቀድመሽ ከወሰንሽ በአንዴ መቁረጡን እመርጥልሻለሁ፤ ሁለት ዓይነት ፀጉር ይዞ አጭር ቅርጽ ማስያዝ እጅግ ያደክማል።

አንድ ነገር ላክል። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ፀጉሯን አሳጥራ ስትታይ ሐዘን የሚመስላቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ። ዘመድ ሲሞት ፀጉርን መቆረጥ ወይም መላጨት የቆየ ልማድ ስለሆነ ድንጋጤያቸው እውነተኛ ነው። እናትሽን ወይም አያትሽን ከመቆረጥሽ በፊት በስልክ ብትነግሪያቸው፣ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ብለው በር ላይ ከመደንገጥ ታድኚያቸዋለሽ።

ደረጃ 3፦ ቅርጹን ምረጪ

ፊትሽ ክብ ከሆነ ይህን፣ ሞላላ ከሆነ ያንን ተቆረጪ የሚል ምክር በየቦታው ታገኛለሽ። ለጥቅልል ፀጉር ግን ከፊት ቅርጽ በፊት መታየት ያለበት የፀጉሩ ስፋት የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። ጥቅልል ፀጉር ወደ ታች ከመውረዱ በፊት ወደ ጎን ይወጣል። ስፋቱ ጉንጭ አጥንት ላይ ሲያርፍ ዓይን ይጎላል። መንጋጋ ላይ ሲያርፍ የፊትን የታች ክፍል ያሰፋል። አናት ላይ ሲሆን ፊትና አንገት ይረዝማሉ። ክብ ፊት ያላት ሴት ጎኑን አሳጥራ ከላይ ብትተወው፣ ረጅም ፊት ያላት ደግሞ ጎኑን ሞላ ብታደርገው የሚያምረው ለዚህ ነው።

በጣም አጭሩ በቶንዶስ የሚቆረጠው ነው። የቶንዶሱ ማበጠሪያ ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው፦ ቁጥር 1 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 2 ወደ 6፣ ቁጥር 3 ወደ 10፣ ቁጥር 4 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይተዋል። ከርዳዳ ፀጉር ገና በቁጥር 4 ርዝመት ጥቅሉን ማሳየት ይጀምራል። ላላ ያለው 3ኤ ግን አንድ ዙር ለመጠቅለል ብዙ ሳንቲ ሜትር ስለሚፈልግ በዚያ ርዝመት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላላ ጥቅልል ያላት ሴት በቶንዶስ ተቆርጣ «ከርሌ የት ገባ?» ብትል መልሱ ይኸው ነው፤ ሲያድግ ይመለሳል።

ከ3ሲ እስከ 4ሲ ላለው ፀጉር ከሁሉም የምወደው ቴፐር የሚባለውን ነው። ማጅራትና ጎን ያጥራል፣ ወደ አናት እየወጣ ይረዝማል፣ ከላይ ጥቅሉ በደንብ ይታያል። የሚያስቸግረው የማጅራት ፀጉር ስለሚቀነስ ጠዋት የሚሠራው ሥራ አናትና ግንባር ላይ ብቻ ይቀራል። አንገትንም ያሳያል፤ ጉትቻም ያምርበታል። ጎኑን ከረዥም ወደ አጭር አስተካክሎ በቶንዶስ ማውረድ ላይ ብዙ ጊዜ የተካኑት የወንዶች ፀጉር ቤት ባለሙያዎች ናቸው። እዚያ ገብቶ ጎንና ኋላን ማስቆረጥ ነውር የለውም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሴቶች ያደርጉታል።

ክብ ጎፈሬ ብዛት ላለው ለ4ኛው ዓይነት ነው። በሚዶ ከሥሩ ተነስቶ ዙሪያውን በመቀስ ይስተካከላል። ፀጉርሽ ሳሳ ያለ ከሆነ ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ አይመከርም።

ፒክሲ የሚባለው፣ ጆሮ የሚያሳይና ከፊት ረዘም የሚል ቁርጥ ከ3ኤ እስከ 3ሲ ይስማማል። ሳሳ ላለ ፀጉርም ጥሩ ነው፤ አጭር ሲሆን ክብደት ስለማይጎትተው ሥሩ ይነሳል።

አገጭ ላይ የሚያርፈው ቦብ በብዛት የሚጠየቀውም በብዛት የሚበላሸውም ነው። ሁሉም ፀጉር እኩል ርዝመት ላይ ሲቆረጥ ያ ሦስት ማዕዘን ይመጣል። መፍትሔው ከውስጥ የተሠራ ደረጃ ነው፤ የላይኞቹ ጥቅሎች ከታችኞቹ አጠር ይላሉ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፣ ስፋቱም ከጆሮ በላይ ይጀምራል። ይህን የማይሠራ ሰው ጋ ቦብ አትቆረጪ። ግንባር ላይ የሚወርድ ፀጉር ከፈለግሽ ደግሞ ቅንድብሽ ላይ እንዲያርፍ ሲሳብ አፍንጫሽ ድረስ ወይም ከዚያ በታች መድረስ አለበት፤ ደረጃ 1 ላይ የጻፍሽው የግንባር ልኬት ትክክለኛውን ይነግርሻል።

የፀጉርሽ ጠርዝ በጠበቀ ሹሩባ ወይም በዊግ ምክንያት ሳስቶ ከሆነ፣ አጭር ቁርጥ መጎተቱን ስለሚያስቀርለት እረፍት ይሰጠዋል። ገና በጊዜው ከሆነ መልሶ ያድጋል፤ ቆዳው ለስልሶና አብረቅርቆ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ከሆነ ግን የቆዳ ሐኪም ይየው። ጎኑን በጣም ማሳጠር የሳሳውን ያጋልጣልና ጥቂት ጥቅሎች በግንባር ጥግ እንዲወርዱ ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ወንበሩ ላይ

ቀጠሮሽ ቀን ታጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ፀጉርሽን ለቀሽ ሂጂ። በላስቲክ አትሰሪው፣ አትጎንጉኚው፤ የታሰረ ፀጉር የማሰሪያውን ምልክት ይይዝና መቁረጫው ይሳሳታል። የምታሳዪው ፎቶ እንደ አንቺ የሚጠቀለል ፀጉር ያላት ሴት ይሁን፣ ከጎንና ከኋላም የሚያሳይ ቢሆን መልካም ነው።

ከመቀመጥሽ በፊት በግልጽ ተናገሪ፦ «ሳትተኩሺ፣ ፎን ሳታደርጊ፣ እንደደረቀ ነው የምቆረጠው። መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ቁረጪ፣ ከዚያ አብረን እናየዋለን። መቀነሻ መቀስና ምላጭ አትጠቀሚ።» መቀነሻ መቀስ፣ ያ ጥርሳሙ፣ የሉጫ ፀጉርን ብዛት ይቀንሳል፤ ጥቅልል ፀጉር ውስጥ ግን አጫጭር ፀጉሮችን በየጥቅሉ መሀል ስለሚተው ፀጉርሽ ሲደርቅ ይንጨባረራል። ይህን ስትሰማ የምትቆጣ ባለሙያ ካጋጠመችሽ በትሕትና አመስግነሽ ብትወጪ ይሻላል።

ጥሩ አቆራረጥ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ባለሙያዋ አንዱን ጥቅል በሁለት ጣቶቿ ትይዛለች፣ አትስበውም። የሚዞርበትን አቅጣጫ በዓይኗ ትከተላለች፣ ጥቅሉ በሚታጠፍበት ላይ ትቆርጣለች፣ ትለቀዋለች። ጥቅሉ ዘሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። የት እንዳረፈ አይታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። መሀል መሀል ላይ ወደ ኋላ ርቃ ሙሉውን ቅርጽ ታያለች፤ አንቺም ራስሽን ወደ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገሽ እንዲቀመጥ ትጠይቅሻለች። ጥቅሉ ለማይለይ ከርዳዳ ፀጉር ደግሞ በሚዶ አንስታ፣ እንደ ቆመ ዙሪያውን ትቀርጸዋለች። ሁለቱም ጊዜ ይወስዳል፤ በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ማጅራት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተጠቀለለ ፀጉር በምላጭ ከቆዳው እኩል ሲላጭ ጫፉ ታጥፎ ወደ ቆዳ ተመልሶ ይገባና እብጠት ያወጣል። ደጋግሞ ሲሆን ጠባሳ የሚተው ጠንካራ እባጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጅራቱ በቶንዶስ ትንሽ ተትቶ ይቆረጥ። ቶንዶሱ ከአንቺ በፊት በአልኮል ሲጸዳ እዪ፤ ካላየሽ ጠይቂ። ጭርት የሚተላለፍበት አንዱ መንገድ ነው።

ደረጃ 5፦ እጥበትና አሠራር

አጭር ጥቅልል ፀጉር በሳምንት አንዴ መታጠብ ይበቃዋል፤ ስፖርት የምትሠሪ ከሆነ መሀል ላይ በኮንዲሽነር ብቻ ማጠብ ትችያለሽ። ሻምፖው ሰልፌት (አረፋ የሚያበዛው ጠንካራ ማጽጃ) የሌለበት ቢሆን ፀጉሩን አያደርቅም። ሻምፖ ለራስ ቆዳ ነው፣ ኮንዲሽነር ለፀጉሩ። ኮንዲሽነሩ ላዩ ላይ እያለ በጣትሽ ከጫፍ ወደ ሥር ፍቺው። ለንደንን የመሰለ ኖራ የበዛበት ውሃ ባለበት ከተማ የምትኖሪ ከሆነ፣ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ታገኛለሽ፤ ያው ነገር ፀጉርሽ ላይም ስለሚቀመጥ በወር አንዴ ማዕድን የሚያጥብ ሻምፖ ተጠቀሚ።

ቅቤስ? ለጋ ቅቤ የእናቶቻችን ጥሩ ልማድ ነው፣ ቦታውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ቅቤ ለፀጉር ውሃ አይሰጠውም፣ ያለውን ውሃ ይዞ ያቆያል እንጂ። ደረቅ ፀጉር ላይ ከተደረገ ድርቀቱን ይዘጋበታል። ከመታጠብሽ በፊት ረጠብ ባለ ፀጉር ላይ ቀብተሽ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዪው፣ ከዚያ በደንብ ታጠቢ። አጭር ከርል ላይ ለዕለት ማስያዣነት ከተጠቀምሽበት ጥቅሉን ያከብደዋል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ለማስያዣነት ከሱቅ ጄል ይልቅ የተልባ ጄል ሞክሪ። ርካሽ ነው፣ አልኮል የለበትም፣ ሲደርቅም ነጭ ፍርፋሪ አይተውም። ያልተቆላና ያልተፈጨ ተልባ ሩብ ኩባያ በሁለት ኩባያ ውሃ ድስት ውስጥ ጨምሪ። መካከለኛ እሳት ላይ አድርገሽ እያማሰልሽ ቁሚ፣ ከታች ይይዛልና። ከፈላ በኋላ ነጭ አረፋ ይነሳል፣ ውሃው እየከበደ ይመጣል። ማንኪያውን ከፍ አድርጊው። የሚወርደው ጠብ ጠብ ካለ ገና ነው፤ እንደ እንቁላል ነጭ ሳይበጠስ ክር ሠርቶ ከወረደ ደርሷል፣ ወዲያው አውጪው። ትኩስ ሳለ በንጹህ ወንፊት ወይም በናይለን ስቶኪንግ አጥልዪው፤ ከቀዘቀዘ ከፍሬው አይለቅም። ሲበርድ ጥቂት ጠብታ የጉሎ ዘይት ጨምሪበት። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ድፊው።

አቀባቡ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ፀጉርሽ ውሃ እያንጠባጠበ መሆኑ ነው። በፎጣ ካደረቅሽው በኋላ ብትቀቢው ጥቅሎቹ ተበታትነው ይደርቃሉ። ፀጉሩን አራት ቦታ ክፈዪው። መጀመሪያ ትንሽ ሊቭ ኢን ኮንዲሽነር (ሳይታጠብ ፀጉር ላይ የሚተው)፣ ከዚያ ጄሉን በጣቶችሽ መሀል እያሳለፍሽ ከሥር እስከ ጫፍ አዳርሺ። ግንባርና አናት ላይ የማይታዘዙትን ጥቅሎች አንድ በአንድ ጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ ልቀቂያቸው። በጣም አጭር ከርዳዳ ፀጉር ከሆነ ቀዳዳ ያለውን የከርል ስፖንጅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ አዙሪበት። ትርፉን ውሃ በጥጥ ቲሸርት ከታች ወደ ላይ ጨመቅ አድርጊ፤ ፎጣ አትጠቀሚ፣ አትፈትጊ።

ከዚያ እስኪደርቅ እጅሽን አንሺ። ከርል የሚንጨባረረው በአብዛኛው ግማሽ ደርቆ ሳለ ስለሚነካ ነው። ራሱ ይድረቅ፣ ወይም ዝቅተኛ ሙቀት ያለው ካስክ፣ ወይም ፎን ላይ የሚገጠም ዲፊውዘር ይጠቅማል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ጄሉ ጠንከር ብሎ ይታይሻል፤ አትደንግጪ። መዳፍሽ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርገሽ ፀጉሩን ጨበጥ ለቀቅ ስታደርጊው ድርቅናው ይሰበራል፣ ጥቅሉ ግን ይቀራል። ከፍ እንዲልልሽ ከፈለግሽ ሚዶውን ሥሩ ላይ ብቻ አስገብተሽ አንሺው፣ እስከ ጫፍ አትጎትቺ።

ግሊሰሪን፣ ማለትም እርጥበት የሚስብ ነገር፣ ያለበት ክሬም ውጤቱ በአየሩ ላይ ይመሠረታል። ከኅዳር እስከ ጥር አዲስ አበባ ደረቅ ስትሆን ከፀጉሩ ውስጥ እርጥበት ሊስብ ይችላል፤ በሙቀቱ ወራት ዱባይ ወይም ጅዳ ላይ ደግሞ ከአየሩ አብዝቶ ይስብና ፀጉሩን ያሳብጠዋል። በሁለቱም ቦታ ከእሱ ይልቅ የተልባው ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ማታና ጠዋት

ጥጥ እርጥበት ይመጥጣል፣ ጥቅሉንም ይፈትጋል። ማታ ሳቲን ሻሽ እሰሪ ወይም ትራስሽን በሳቲን አልብሺው። ጠዋት ሁሉንም አታርጥቢ። የተጨፈለቀበትን ቦታ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ የተኛሽበት ጎንና የኋላው ነው፣ ውሃና ትንሽ ኮንዲሽነር ባለበት መርጫ አርጥበሽ በጣትሽ መልሰሽ ጠቅልዪው።

ደረጃ 7፦ መቼ ተመልሰሽ ትሄጃለሽ

ቴፐር በሦስትና በአራት ሳምንት ማጅራቱ ይጠፋል፤ የታችኛውን ብቻ ማስተካከል ይበቃል፣ በርካሽም ይሠራል። ፒክሲና ጎፈሬ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ቦብ እስከ ሦስት ወር ይቆያሉ።

ማሳደግ ስትፈልጊም ከመቀስ አትራቂ። የማጅራቱ ፀጉር እኩል ያድጋል፣ አናትሽ ገና ሳይወርድ እሱ ትከሻ ይነካል፤ ቅርጹን የሚያጠፋው እሱ ነው። አናቱን ተዪውና ማጅራቱን በየስድስት ሳምንቱ አሳጥሪ። ከላይ ያለው ሲለቀቅ ጆሮሽን ሲያልፍ ማጅራቱን መቁረጥ አቁሚ፣ ሁለቱ አገጭሽ አካባቢ ይገናኛሉ። ከአጭር ቴፐር ተነስቶ ቦብ እስኪሆን፣ እንደ ፀጉርሽ መሰብሰብ፣ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ጠብቂ።